ለተከበሩ ጣዲቻ አንድ ብርጭቆ ውሃ

ነገሌ፣ የካቲት 12 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለጣዲቻ ጉራቻ፤

የልጄ የቤተልሄም መርዶ በደረሰኝ ቀን የአንተን ጨርቅ ስሰፋ ነበር የዋልኩት። ሰላምታውን ወደ ታች አደርገዋለሁ። ከሰላምታ ብጀምር እጄ ወደ ለመደው ይሄድና የምጽፈው ይጠፋኛል።

ጎረቤቴን ፉዚያን ከሱቋ ልከህ ስልክ ለምን እንደማላነሳ አስጠይቀኸኛል። ስልኩ ደኅና ነው። ድምፅህን ስሰማ አፌ "ልጄ" ማለት ስለለመደ፣ እንደዚያ እንዳልል ፈርቼ ነው። በወረቀት ቀስ እላለሁ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደል ለዚህ ይበቃል።

የምታውቀውን ነው የምነግርህ፤ ግን በእኔ በኩል እንዴት እንደነበረ አታውቅም። ለትምህርት ከገጠር ስትመጣ የጓሮ ክፍሌን ሰጠሁህ። ከቤተልሄም ጋር ከአንድ ትሪ በልታችሁ አደጋችሁ። ነርስ ሆነህ ስትመረቅ ነጩን ጋዋን የሰፋሁልህ እኔ ነኝ። ኋላ ጤና መኮንን ሆንክ፤ አማቼ ገብረአምላክ በሚያስተምርበት በዚያ በገጠሩ ከተማ የጤና ጣቢያ ኃላፊ አድርገው ሾሙህ። ልጄ ከወንድሟ አጠገብ ናት ብዬ ደስ አለኝ።

በ2007 መጋቢት ላይ ለጨፌው፣ ለክልሉ ምክር ቤት፣ ተወዳደርክ። ነገሌ ላይ ለሚደረገው ሰልፍ ስምህ የተጻፈበት ጨርቅ አመጣህልኝ። ጠርዙን ዘምዝሜ ሰጠሁህ፤ አንዱ ሳያልቅ እጄ ላይ ቀረ። በሰልፉ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ነጭ ላንድክሩዘር ሞንታርቦ ጭና በደጄ አለፈች። ግራና ቀኟ በሰፋሁት ጨርቅ ተሸፍኗል። ስምህን እየጠራች ነበር። ከስፌቴ ተነስቼ ወጣሁና እልል አልኩ።

አመሻሹ ላይ ሌላ መኪና ደጄ ቆመ። መርዶ የሚነግር ሽማግሌ አልነበረም፤ ከብት የሚጭን አይሱዙ ነው። ገብረአምላክ ከላይ ቆሟል። አላለቀሰም። "እማማ፣ ጨርቅ አለ?" አለኝ። እጄ ላይ የነበረው የአንተ ጨርቅ ነው። ጽሑፉን ወደ ውስጥ ገልብጬ አለበስኳት። ሕፃኑም አብሯት ነበር፤ ከሆዷ ሳይወጣ።

ገብረአምላክ አምቡላንሷን እንደለመነህ፣ አንተም ተበላሽታ ቆማለች እንዳልከው ነገረኝ። አመንኩ። መኪና ይበላሻል።

ወዲያው ደረስክ። ድንኳኑን ተከልክ፣ ቃሬዛውን ተሸከምክ፣ አፈሩን መለስክ። ለቀስተኛው ሁሉ "ወንድም ማለት ይህ ነው" አለ። እኔም ከሌን እንደለበስኩ ቤት ለቤት እየዞርኩ ምረጡት አልኩ። ተመረጥክ። በጨፌው ስለ እናቶች ሞት ስትናገር በፉዚያ ቴሌቪዥን አየሁህ። "እህቴ ቤተልሄም የሞተችው መኪና ስላልነበረ ነው" አልክ። ለዞናችን አዳዲስ አምቡላንሶች ተፈቀዱ፤ አንተም የጤናው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆንክ። "የተከበሩ" ይሉህ ጀመር። ሞቷ ለሰው ተረፈ ብዬ በዚያ ስጽናና ኖርኩ።

በጥምቀት ሰሞን ራሺድ መጣ። የጤና ጣቢያህ ሾፌር የነበረው፣ አሁን ዶሎ ኦዶ ለስደተኞች ውሃ የሚያመላልሰው። ግባ ብለው አልገባም። ደጃፉ ላይ እንደቆመ፣ "እማማ፣ ያን ቀን እርስዎ እልል ሲሉ መሪው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ" አለኝ።

ምርጫው ስለደረሰ እንደ ዱሮው ይመርቁኝ ብለሃል። ከዚያ በፊት አንድ ነገር መልስልኝ። ያን ቀን አምቡላንሷ የት ነበረች?

ሰላምታው ይኸውና። እንዴት ሰነበትክ። ባለቤትህና ልጆችህ ደኅና ይሁኑ። እኔ አለሁ።

የዓለምወርቅ


አዳማ፣ የካቲት 29 ቀን 2013 ዓ.ም.

እጅግ ለማከብርዎ ለእናቴ ለአዴ የዓለምወርቅ፤

አካም ጂርቱ? ናጋዳ? ጤናዎ፣ ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ፉዚያ ከነልጆቿ እንዴት ናችሁ? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። ሥራ ስለበዛብኝ መልሱን በማዘግየቴ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ደብዳቤዎ በጣም አሳዝኖኛል። በዚያን ጊዜ በወረዳው የነበረው የትራንስፖርት ችግር ሰፊ እንደነበር ይታወቃል። የተሽከርካሪ ስምሪቱም በብዙ ምክንያት የተቆራረጠ ነበር። ዝርዝሩ በደብዳቤ የሚያልቅ ስላልሆነ በአካል ስንገናኝ እንነጋገራለን። ራሺድን በተመለከተ ግን በዲሲፕሊን ከሥራ የተሰናበተ ሰው መሆኑን ቢያውቁት መልካም ነው። ቂም የያዘ ሰው ብዙ ይናገራል።

ፉዚያ ጉልበትዎ እንደሚያስቸግርዎ ነገረችኝ። የሚቀባ መድኃኒት በአውቶቡስ ልኬያለሁ። ጠዋትና ማታ ይቀቡት፤ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጡ።

ግንቦት 7 ቀን ነገሌ አዳራሽ ከሕዝቡ ጋር እንወያያለን። ከሊበን ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ አባቴም አብሯቸው ይመጣል። እንደ ዱሮው ከፊት ወንበር ላይ ባይዎት ደስታዬ ነው። እናቴ ፊት ለፊቴ ከሌለች መናገር አልችልም።

ልጅዎ ጣዲቻ


ነገሌ፣ መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለጣዲቻ፤

እንዴት ሰነበትክ። መድኃኒቱን ለአውቶቡሱ ሾፌር መልሼ ሰጥቻለሁ። "እማማ፣ ጊዜው አልፎበት ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት።

"የትራንስፖርት ችግር" የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ የጠየቅሁህ ስለ አንዲት መኪና ነው። ስለ ወረዳው አልጠየቅሁህም።

በፉዚያ ስልክ ደግሞ፣ የተባረረን ሰው ወሬ በምን አመኑት ብለህ አስጠይቀኸኛል። እኔ ራሺድን አይደለም ያመንኩት። አንተን ነው።

ይህን አገር ለመድኩት። የመጣሁት የወታደር ሚስት ሆኜ ነው፤ ባሌ ሞተ፣ እኔ ቀረሁ። ሕጋችሁን አውቃለሁ። የሰው ደም ያለበት ሰው፣ ሽማግሌ ገብቶ ጉማው፣ የደም ካሳው፣ ሳይወጣ፣ ከሟች ቤት እህል አይቀምስም፤ ውሃም አይጠጣም። በልቅሶው ሦስት ቀን ለሰው ሁሉ ስታቀርብ ዋልክ፤ አንተ ግን አልቀመስክም። ውሃ ለመጠጣት እንኳ ፉዚያ ቤት ነበር የምትሄደው። ሐዘን ጉሮሮውን ዘግቶት ነው ብዬ፣ በልጄ ልቅሶ መሐል ለአንተ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህም በየበዓሉ ትመጣለህ። በመጣህ ቁጥር ጨጓራዬ ትላለህ። ሻይ ሲቀርብልህ አሁን ጠጣሁ ትላለህ። አንድ ፋሲካ ላይማ ጾም ላይ ነኝ ብለኸኛል፤ በፋሲካ የሚጾም ሰው ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ለጨጓራው እንዲህ የሚታመን ሰውም ከአንተ ሌላ አላውቅም። አዳማ ላይ ግን ጥሬ ሥጋ ቤት ትታያለህ አሉ።

ራሺድ እስኪመጣ ድረስ እነዚህን ለየብቻ ነበር የማውቃቸው። እሱ ደጃፌ ላይ ሲቆም ሁሉም ገጠመልኝ። አፍህ ይዋሻል፤ ሥራህም ሆኗል። ጉሮሮህን ግን ያሳደገው አባትህ ነው። እሱ ስድስት ዓመት ሙሉ አልዋሸም።

ግንቦት 7 እመጣለሁ። ከፊት እቀመጣለሁ። ከቤቴ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዤ እመጣና ንግግርህን ስትጨርስ በሽማግሌዎቹ ፊት እሰጥሃለሁ። ንጹሕ ከሆንክ ትጠጣለህ። ካልሆንክ ትመልሰዋለህ፤ ለምን እንደመለስከው ለማንም መናገር አያስፈልገኝም። አስቀድሜ የነገርኩህ ላስጠነቅቅህ ብዬ አይደለም። እስከዚያ ድረስ እያሰብከው እንድትተኛ ነው።

"አዴ" የምትለውንም ተው። አዴ እናት ማለት ነው።

የዓለምወርቅ


አዳማ፣ ግንቦት 13 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለወይዘሮ የዓለምወርቅ፤

እንዴት ሰነበቱ። ከዚህ በላይ ሰላምታ ለመጻፍ ድፍረት አጣሁ።

በፉዚያ በኩል የላኩብኝ "ለምን ጠጣህ" የሚለው ብቻ ነው። የሚገባዎትን መልስ ልሞክር።

ብርጭቆውን በሁለት እጅዎ ዘረጉልኝ። ከአዳማ እስክመጣ ድረስ ለራሴ ስነግረው የነበረው አንድ ነገር ነው፤ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ውሃ ውሃ ነው፣ ጠጥቶ መገላገል። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ መመለስ አልቻልኩም። ጠጣሁ። አዳራሹ አጨበጨበ። እናትና ልጅ ነው የመሰልናቸው። እርስዎ ባዶውን ብርጭቆ ተቀብለው ሲቀመጡ፣ አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ ወጣ። አይተውታል። ለምን እንደወጣ ግን ያወቅነው እሱና እኔ ነን።

በ2007 ለእሱ ብቻ ነግሬው ነበር። "ከዚያ ቤት እህልም ውሃም እንዳትቀምስ። ጊዜ ሳትወስድ ጉማውን እናውጣ" ያለኝ እሱ ነው። ምርጫው ይለፍ አልኩት። ምርጫው ሲያልፍ ሹመቱ ይጽና አልኩት። ከዚያ በጨፌው ስለ እሷ ተናገርኩ፤ ከተናገርኩ በኋላ የሚመለስበት መንገድ ጠፋኝ።

አምቡላንሷ ነገሌ ነበረች። ገብረአምላክ ሲደውል ሰልፉ መሐል ነበርኩ። ምጥ ጀመራት አለኝ። የመጀመሪያ ልጅ ነው፣ ምጡ ይቆያል፣ ሰልፉ ሲበተን እልካታለሁ ብዬ አሰብኩ። የሙያ ግምት ነበር፤ ለብዙ እናቶች የሠራ ግምት ነው። እንዳይጨቀጭቀኝ ተበላሽታለች አልኩት። ሁለተኛ ሲደውል ደም እየፈሰሳት ነው፣ አዋላጇም ከአቅሜ በላይ ነው ብላለች አለኝ። ያን ጊዜ ጨርቁን ገፈን ራሺድን ላክሁት። አይሱዙውን መንገድ ላይ አገኘው። ዘግይቶ ነበር። ራሺድን ያባረርኩትም ሲያየኝ ዓይኑን ስላልሰበረ ነው፤ ሌላ ጥፋት አልነበረበትም።

ከስብሰባው በኋላ አባቴ ቤት ሄድኩ። ወተት ያቀረበልኝ የለም። "ደሟ ሳይታጠብ ውሃዋን ጠጣህ። ከእንግዲህ እኔና አንተ ከአንድ ዕቃ አንጠጣም" አለኝ። ሽማግሌ ነው፤ ከዚህ ቃሉ የሚመለስ አይመስለኝም።

ከውድድሩ ልውጣ። ሽማግሌዎችም ልላክ። ምን ቢሆን ይበቃዎታል? ከዚያ በኋላስ ይቅር ይሉኛል?

ጣዲቻ


ነገሌ፣ ግንቦት 26 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለጣዲቻ፤

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ስለ አባትህ የጻፍከውን ሳነብ ደስ አለኝ። አልደብቅህም። ከገዛ ቤቱ ሰው የጎደለበት እኔ ብቻ አይደለሁም አልኩ።

የላክሃቸው ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። ኦቦ ዋሪዮ ነው የተናገረው። "ከብት ትቀበያለሽ ወይ?" አለኝ። "የት ላስረው? ከስፌቱ እግር ላይ?" አልኩት። ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ። "አንቺ ሴትዮ፣ የኛን ሰው ከብት የናቀ ሰው እስካሁን አላየንም" አለኝ። አልናቅሁም። ጉማ ከተቀበልኩ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ አፌን መዝጋት አለብኝ። እንዲህ ብዬ ነገርኩት። መሳቁን ተወ። "እንግዲያስ ምን ትፈልጊያለሽ?" አለኝ። ለእሱ የነገርኩትን ነው ለአንተም የምጽፍልህ።

በማግሥቱ አባትህ ብቻውን መጣ። ግባ አላልኩትም፤ እሱም አልጠበቀኝም። ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ብዙ ተቀመጠ። ፀሐይ ነበር። ውሃ አልጠየቀም፣ እኔም አላወጣሁለትም። ሲነሳ "የዓለምወርቅ፣ ጥፋቱ የኔም ነው፤ ዝም ብያለሁ" ብሎኝ ሄደ። እሱ አሳዝኖኛል። አንተ አላሳዘንከኝም።

ከውድድሩ ልውጣ ላልከው፣ አትውጣ። ብትወጣ "በጤና ምክንያት ራሳቸውን አገለሉ" ብለው ያነቡልሃል። ጨጓራህ ዳግመኛ ያድንሃል። እኔ የምፈልገው ስትወጣ ማየት አይደለም፤ ቆመህ ማየት ነው።

በጨፌው ስለ ልጄ በራስህ አፍ፣ በራስህ ቃል ተናግረሃል። አሁን በራስህ አፍ፣ በእኔ ቃል ትናገራለህ። ውሃውን በጠጣህበት በነገሌው አዳራሽ፣ በዚያው ማይክ፣ ከምርጫው በፊት። የምታነበውን እኔ እጽፈዋለሁ። ሳትጨምር ሳትቀንስ ታነባለህ። ኦቦ ዋሪዮና ሌሎቹ ሰው ይጠራሉ፤ ተስማምተዋል። ገብረአምላክም አሁን ካለበት ከሻኪሶ ይመጣል፤ ልኬበታለሁ። እምቢ ካልክ የጻፍክልኝን ይዤ ከፊት ወንበር እነሳለሁ፤ በእኔ ድምፅ ይነበባል። ምርጫው የአንተ ነው። ምርጫ ትወድ የለ።

ከዚያ በኋላ ይቅር ይሉኛል ወይ ብለህ ከታች በትንሹ ጽፈሃል። አይቼዋለሁ። አልልህም።

የዓለምወርቅ


ነገሌ፣ ሰኔ 3 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለጣዲቻ፤

እሺ ማለትህን ፉዚያ ነገረችኝ። ጠረጴዛው ላይ ለምን ውሃ እንደማይኖር ጠይቀሃል አሉ። አታስቀምጡ ያልኩት እኔ ነኝ። ጉሮሮህ ሲደርቅ ቆም በል፤ ምራቅህን ዋጥና ቀጥል። ሰው ይጠብቅሃል።

ጽሑፌ ትልልቅ ስለሆነ መነጽር አያስፈልግህም። ከዚህ በታች ያለውን አንብብ።

የነገሌ ሰዎች፣ ከሊበን የመጣችሁ አባቶች፣ እንዴት ዋላችሁ።

ይህን የሚያነብላችሁ ጣዲቻ ነው። ቃሉ ግን የእኔ የዓለምወርቅ ነው፤ ከፊት የተቀመጥኩት።

ይህ ሰው በሽተኛ ያክም ነበር። ጥሩ አድርጎ ያክም ነበር። ብዙዎቻችሁን መርፌ ወግቷል፣ ልጆቻችሁን አዋልዷል። ይህንንም የጻፍኩት እውነት ስለሆነ ነው፤ ስለ እሱ ውሸት መጨመር አያስፈልገኝም።

ልጄ ቤተልሄም በምጥ ስትያዝ፣ የዚያ ከተማ አንዲቱ አምቡላንስ በዚህ አዳራሽ በር ላይ ቆማ የእሱን ስም ትጠራ ነበር። ምልክቷን የሸፈነው ጨርቅ እኔ የሰፋሁት ነው። ባሏ ደውሎ ሲለምነው ተበላሽታለች አለ። አልተበላሸችም። ልጄ በከብት መኪና ላይ ሞተች። ብዙዎቻችሁ ያን ቀን ከእኔ ጋር እልል ብላችኋል። አላወቃችሁም፤ እኔም አላወቅሁም። ያወቀው አሁን እያነበበ ያለው ነው።

ኋላ በጨፌው፣ መኪና ስላልነበረ ሞተች አለ። መኪና ነበረ። እኔ የሰጠሁትን ውሃ በዚህ መድረክ ላይ የጠጣውም ይህን እያወቀ ነው። አባቱ ለምን ተነስቶ እንደወጣ ለጠየቃችሁ ሁሉ መልሱ ይኸው።

ራሺድ የተባረረው እውነት ስለያዘ ነው። ስታገኙት ሰላም በሉት።

በልጄ ስም የመጡት አምቡላንሶች የእናንተ ናቸው፤ ተጠቀሙባቸው። በሰልፍና በሠርግ ላይ ነጭ መኪና ጨርቅ ለብሳ ስታዩ ግን እልል ከማለታችሁ በፊት ጨርቁን ገልጣችሁ እዩ። እኔ ከእንግዲህ ለማንም ሰልፍ ጨርቅ አልሰፋም።

እሱን መምረጥና አለመምረጥ የእናንተ ነው። እኔ ጉማ አልተቀበልኩም። አልታረቅሁም። ይህንንም ራሱ ያንብበው።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ቀርቷል። የሰማችሁም፣ ይህን ወረቀት በእጃችሁ አግኝታችሁ ያነበባችሁም፣ ለልጄ ጸልዩላት። ክርስቲያኖች በክርስትና ስሟ ወለተ ሐና በሏት። ሙስሊሞች ዱዓ አድርጉላት። ዋቃን የምትለምኑም በምትለምኑበት ቃል ለምኑላት። ልጇን በአልትራሳውንድ አይተው ወንድ ነው ብለዋት ነበር። ክርስትና ሳይነሳ ስለሄደ የሚጠራበት ስም የለውም፤ የወለተ ሐና ልጅ በሉት።

ጸሎቱን ጣዲቻ ይጀምር። ማይኩን አጥፉበት፤ እናንተም ተነሱ።